የአለቃ በር ጠባቂ

አባባ ኬላን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃቸው በዚሁ ስማቸው ነው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ዛሬ የሚያስታውስ ካለ የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሳሙና ፋብሪካ በር ላይ ቆመው፣ ከሥራ የሚወጣውን ሰው ሲፈትሹ ኖረዋል። ታዲያ ይኼ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ! ሳሙና ተንኮለኛ ዕቃ ነው። ብብት ሥር ይገባል፣ ካልሲ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ጊዜማ ዳቦ ውስጥ ተቀብሮ ሊወጣ ሲል ነው የያዙት፤ ዳቦ መቼም ጽጌረዳ ጽጌረዳ አይሸትም። እሳቸው ግን ኪስ ከመዳበሳቸው በፊት አካሄድ ነው የሚያዩት። "የደበቀ ሰው ቀጥ ብሎ ይራመዳል፣ ሰላምታም ያበዛል" ይላሉ። "ንጹሑማ ደክሞት፣ ጎብጦ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ ነው የሚያልፈኝ።"

ጡረታ ሲወጡ የተመኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጃቸውን ልጅ መያዝ። አያት ሁሉ ይኼን ይመኛል ትሉኝ ይሆናል። የእሳቸው ግን ከምኞትም ያለፈ ነበር። የገዛ ልጃቸውን ሕፃንነት አላዩትማ! ሲወጡ ተኝታ፣ ሲገቡ ተኝታ። አንድ እሑድ ብድግ አድርገው ቢያቅፏት፣ የማታውቀው ሰው የሰረቃት መስሏት ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ጮኸች። ሚስታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አባባ ኬላም አብረው ሳቁ፤ ከዚያ ጓሮ ዞረው አለቀሱ። ይኼን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገሩም።

ያቺ የጮኸችው ልጅ አሁን የሒሳብ አስተማሪ ናት። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ የአምስት ወር ሴት ልጅ አለቻቸው። አባባ ኬላ ሕፃኗን "አለቃ" ይሏታል። "ስታለቅስ ሁላችንም እንነሣለን፣ ስትተኛ ሁላችንም በጣታችን እንሄዳለን። ከዚህ ወዲያ አለቃ ከየት ይምጣ?" ነገሩ ዕውነት ስለሆነ ስሙ ጸደቀ፤ አሁን እናቷም አለቃ ነው የምትላት።

የወሊድ ፈቃዱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሕፃኗን ማን ይያዝ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ እዚያው ግቢ፣ ከኋላ ባለችው አንድ ክፍል የሚኖሩት አባባ ኬላ። ሌላዋ ሁለት መንገድ ተሻግረው የሚኖሩት የአማቻቸው እናት፣ እማማ ኪሮሽ። እማማ ኪሮሽ ሹራብ ሠርተው ነው የሚተዳደሩት፤ ኪሮሽ ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም፤ አምስት ልጅ አሳድገዋል። አባባ ኬላ ያሳደጉት ማንን ነው? በር ሲጠብቁ ነው ዕድሜያቸው ያለቀው። ይኼን ራሳቸውም ያውቁታል፤ ሆዳቸውን የሚያባባቸውም እሱ ነበር።

ልጃቸው ደግሞ አስተማሪ አይደለች! ያለ ፈተና የምታሳልፈው ሰው የለም።

"አባዬ፣" አለቻቸው፣ "ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔ ቤት እያለሁ አንተ ትይዛታለህ። ዓርብ ማታ ውጤቱን እነግርሃለሁ።"

"የሙከራ ጊዜ መሆኑ ነው?"

"መሆኑ ነው። ወቅቱ እየተቀየረ ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ያስነጥሳል። የአምስት ወር ልጅ አፍንጫዋ ከተደፈነ ጡት መጥባት ያቅታታል። ከጉንፋን ጠብቅልኝ፤ ሌላ ፈተና የለኝም።"

ወቅቱስ ዕውነትም ክፉ ነበር። ዝናቡ ሊወጣ፣ ደረቁ ብርድ ሊገባ ሲል ያለው ጊዜ ነው። ጠዋት ጥርስ ያንገጫግጫል፣ እኩለ ቀን ላይ ኮት ያስወልቃል፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ነፋሱ በአንገት ገብቶ ወገብ ድረስ ይወርዳል። ትልቅ ሰው እንኳ ምን ለብሶ እንደሚወጣ ግራ ይገባዋል፣ እንኳን የአምስት ወር ልጅ።

ሰኞ ጠዋት አለቃ ክትባት ነበረባት። እናቷ የክትባት ካርዱን ፍለጋ መሳቢያ ስታተራምስ፣ አባባ ኬላ ሕፃኗን አለበሷት። ከሥር የጥጥ ቱታ፣ ከቱታው ላይ ሹራብ፣ ከሹራቡ ላይ ሌላ ሹራብ፣ ሁለት ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ የራሳቸው የጥበቃ ካፖርት።

እናቷ ካርዱን አግኝታ ብትመለስ ደነገጠች። "አባዬ፣ ልጄ የት ሄደች?"

"ውስጥ ናት" አሏት ካፖርቱን እየጠቆሙ።

አንዱን አውልቅ፣ ሌላውን አውልቅ ብትላቸውም "ከበሩ ስንወጣ ብርዱን ታይዋለሽ" ብለው ካፖርቱን ብቻ ነው የቀነሱላት። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ግን ፀሐዩ ወጥቷል። ክትባት የምትሰጠው ሲስተር ቀልደኛ ናት። አንዱን ስታወልቅ ሌላ፣ ሌላውን ስታወልቅ ሌላ እየመጣባት፣ "ኧረ አባባ፣ ሽንኩርት ነው እንዴ ያመጡልኝ?" አለች። መጨረሻ ላይ አለቃ ተገኘች፤ ቀልታ፣ ፀጉሯ በላብ ተለጥፎ፣ በጣም ተናድዳ።

"ሰውነቷ ያተኩሳል!" አሉ አባባ ኬላ ደንግጠው።

"እንዴት አያተኩስ! እርስዎ አሁን ስንት ነው የለበሱት?"

"ሸሚዝና ኮት።"

"በቃ፣ እርስዎ ከለበሱት አንድ ብቻ ይጨምሩላት። እጇ ቢቀዘቅዝ አይደንግጡ፣ የሕፃን እጅ ይቀዘቅዛል። የሚዳብሱት ማጅራቷን ነው። ካላባት አንድ ያውልቁ፣ ከቀዘቀዘ አንድ ይደርቡ። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ መስኮት ከፈት ያድርጉና አየሩ ይለወጥ።"

"መስኮት? ጉንፋኑ ይግባ?"

ሲስተሯ መርፌዋን እያዘጋጀች ሳቀች። "አባባ፣ ጉንፋን በመስኮት አይገባም። በበር ነው የሚገባው፣ ሰው ይዞት። በእጁ ይዞት፣ በትንፋሹ ይዞት። ያስነጠሰው አይጠጋት፣ የመጣው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ስሜ ልሙት የሚለውም ይቅርባት። ጡቷን ትጥባ። እንግዲህ እኔ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለኝም።"

በበር። ሰው ይዞት። በሳሙና!

እስቲ አስቡት! ሠላሳ አንድ ዓመት በር ላይ ሰው ሲፈትሹ ለኖሩ ሰው፣ ያውም በሳሙና ጉዳይ! አባባ ኬላ ወገባቸው ቀና አለ። አለቃ መርፌውን ተወግታ ስትጮህ እንኳ የሰሙ አይመስሉም። ከጤና ጣቢያው ሲወጡ ጡረታቸው ተሰርዞ ሥራ የተመለሰላቸው ሰው ይመስሉ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የሳሎኑ በር ኬላ ሆነ። በርጩማቸውን ደጃፉ ላይ ተከሉ፤ ከጎናቸው ሳፋ፣ በጆግ ውኃ፣ ንጹሕ ፎጣና አንድ አዲስ ሳሙና። የመጀመሪያው ተፈታሽ አማቻቸው ነበር። ከሥራ ተመልሶ፣ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ሊገባ ሲል የአባባ ኬላ እጅ ደረቱ ላይ አረፈች።

"ወዴት ነው?"

"ቤቴ ነዋ!"

"ዛሬ ስንት ሰው ጭነሃል?"

"እኔ እንጃ፣ አራት መቶ ይሆናል።"

"ታዲያ አራት መቶ ሰው ይዘህብኝ ልትገባ ነው?"

ምስኪኑ ሹፌር እስከ ክርኑ ድረስ ታጠበ። "በጣትህ መሃል! ጥፍርህ ሥር!" እያሉ እስከ ሃያ ቆጠሩለት። የደንብ ልብሱን በር ላይ አውልቆ በካናቴራ ገባና ገና ቁጭ ከማለቱ "ጫማህስ?" አሉት።

ጎረቤታቸው ፀጉር ሠሪዋ ሕፃኗን ለማየት ብቅ ብትል፣ አፍንጫዋን ሳብ ስታደርግ ሰሟት። "አለርጂ ነው አባባ" አለች። "ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው" አሏት። "ከካልሲው ሳሙና ያወጣሁበትም ለእግሬ ሽታ ነው ብሎኛል።" የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ እንኳ፣ ቆጣሪው ግቢው አጥር ላይ ሆኖ ሳለ፣ ቤት ሳይገባ ታጥቦ ሄደ። ምን እንደሠራ እስከ አሁን አልገባውም።

ግን ዕውነቱ ይነገር፤ አያትነቱንም ቻሉበት። በየሰዓቱ የአለቃን ማጅራት ይዳብሳሉ። ጠዋት አንድ ይደርባሉ፣ ፀሐይ ሲበረታ አንድ ያወልቃሉ፣ ነፋሱ ሲነሣ መልሰው ይደርባሉ። እኩለ ቀን ላይ መስኮቱን ይከፍቱና ሕፃኗን ይዘው ሌላው ክፍል ይገባሉ። አለቃ ሪዛቸውን ጨምድዳ ስትይዝ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ያማቸዋል፤ ግን አያስለቅቋትም። እንዲህ ያለ ደስታ በዓለም ላይ መኖሩን የነገራቸው አልነበረም።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ አለቃ ከእናቷ ጋር ስትተኛ፣ አባባ ኬላ የአንድ ሰዓት እረፍት ወስደው ወጣ አሉ። ከጫማ ጠጋኙ ጥላ ሥር ጡረተኛ ጓደኞቻቸው በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። የዚያን ቀን የገጠማቸው የድሮው የፋብሪካው መካኒክ ነበር። ሰውዬው አፍንጫውን በመዳፉ ይጠርጋል፣ በዚያው መዳፉ ቆርኪ ይገፋል። አባባ ኬላ ያንን ቆርኪ ይበላሉ፣ ሪዛቸውን ያሻሻሉ። አላዩትም እንዴ? አላዩትም! እያሸነፉ ነበራ። የሚያሸንፍ ሰው የሰው አፍንጫ አያይም።

ከዚያ በድል ተመለሱ። በሳፋው አጠገብ አለፉ፣ በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉና ገቡ። እጃቸውን አልታጠቡም። ፈታሽ መቼ ራሱን ፈትሾ ያውቃል? ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያ የፋብሪካ በር ሳይፈተሽ የወጣና የገባ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ሳፋው የተቀመጠው ለሌላ ሰው ነው፤ ለእሳቸውም ጭምር መሆኑ ትዝ አላላቸውም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏችኋል ይኼ ነው። አለቃ ነቅታ ኖሮ እግሯን ስታወራጭ አገኟት፤ አላስቻላቸውም፣ ፊቷ እንደሆነ ተከልክሏል፣ የውስጥ እግሯን ሳሟት። አለቃም ወዲያው እግሯን አፏ ውስጥ ከተተች። በዚያ ዕድሜ እግር የሚበላ ነገር ነው።

ሐሙስ ዕለት ጉድ ፈላ። እማማ ኪሮሽ አዲስ ቢጫ ሹራብ ሠርተው፣ ደስ ብሏቸው፣ እያዜሙ መጡ። ሳፋው ዘንድ ደርሰው ያለ ማንም ትእዛዝ ታጠቡ። ሊገቡ አንድ እግራቸውን ሲያነሡ ግን ሹራቡን አራገፍ አደረጉና አስነጠሱ።

"ይማርዎት" አሉ አባባ ኬላ በትሕትና። ከዚያ እጃቸውን በበሩ አጋደሙ። "አያልፉም።"

"ማን? እኔ?"

"አስነጥሰዋል።"

"የሱፍ ብናኝ ነው! ዕድሜ ልኬን ሱፍ ሲያስነጥሰኝ ነው የኖርኩት!"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።"

"የልጄ ቤት እኮ ነው!"

"በሩ ግን የእኔ ነው።"

እማማ ኪሮሽ ቢጫውን ሹራብ አጣጥፈው በርጩማው ላይ አስቀመጡና ሄዱ። ከዚህ ይልቅ ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር። ልጃቸው ሁሉንም ከውስጥ ሰምታለች፤ ስትወጣ ፊቷ ተለዋውጧል።

"አባዬ፣ ከጉንፋን ጠብቅልኝ አልኩህ እንጂ ከሰው ጠብቅልኝ አልኩህ? ቤቴን እኮ የፋብሪካ በር አደረግከው! አስነጠሱ፣ እሺ፣ ዛሬ ሩቅ ይቀመጡ ማለት ነበረብህ። አያቷ አይደሉም እንዴ? ያንተ ብቻ ናት?"

አባባ ኬላ የነገ ማታው ውጤት ምን እንደሚሆን ከፊቷ አነበቡት። የቀራቸው አንድ ቀን ነው። በዚያች አንድ ቀን ምንም ሳላበላሽ ብውል ምናልባት ትራራልኝ ይሆናል ብለው ተጽናኑ።

ዓርብ ጠዋት በክፍላቸው ውስጥ ጫማቸውን ሲያስሩ ጉሮሯቸውን ቧጠጣቸው። ውኃ ጠጡበት። አልለቀቀም። ከዚያ አስነጠሳቸው። ቆይቶ ደገማቸው። ሦስተኛው ሲመጣ አፋቸውን በትራስ አፈኑት።

ቁጭ ብለው አዳመጡ። ግቢው ጸጥ ብሏል፤ የሰማ የለም። አንድ ቀን ነው፣ አሉ በልባቸው። ትንፋሼን ውጬ፣ ፊቴን ዞር እያደረግሁ እይዛታለሁ። ማታ እሺ ካለችኝ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ተኝቼ ሰኞ ድኜ እነሣለሁ። ከተናገርኩ ግን አለቀልኝ፤ ሐሙስ በር ላይ የመለስኳቸው ሴትዮ ይይዟታል፣ እኔም እንደገና የልጅ ሽታ በሩቁ እያሸተትኩ እኖራለሁ። አንድ ቀን ምን አላት? አዎ፣ አንድ ቀን ምንም የላትም። ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ።

ግቢውን ሲያቋርጡ አማቻቸው ወደ ሥራ ሲወጣ አገኙት። "እንደምን አደርክ! ደህና አደርክ? እንቅልፍ እንዴት ነው? አውቶቡሱስ ደህና ነው?" አሉት። ልጁ ግራ ገብቶት ሳቀ። ፀጉር ሠሪዋን በአጥር ላይ "እንዴት ነሽ የእኔ ልጅ፣ አለርጂው ተሻለሽ?" አሏት። በሩ ላይ ልጃቸው አለቃን ታቅፋ ቆማለች።

"ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ? ቀጥ ብለህ ወጣት መስለሃል" አለቻቸው።

አለቃም አየቻቸው። እስከ ዛሬ ሲያነሷት ዝም ብላ ነበር የምትነሣው፤ ያን ቀን ግን ገና በሩቁ ስታያቸው ሁለት እጇን ዘረጋችላቸው። የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። አባባ ኬላ እጃቸው በራሱ ጊዜ ወደ እሷ ሄደ።

ቀጥ ብለህ አለቻቸው እኮ። ሰላምታም አብዝተዋል። ይኼን አካሄድ ከመቶ ሰው መሃል ለይተው ሲያወጡት ኖረዋል፣ ብብቱ ሥር ሳሙና ያለበት ሰው አካሄድ ነው። አሁን የእሳቸው ነው። አፈሩ፣ አንገታቸው ድረስ አፈሩ። የተዘረጋውን እጃቸውን ሰበሰቡና ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

"ልጄ፣ አትጠጊኝ። ሰው ይዣለሁ።"

"ማንን?"

"እኔን። አስነጥሶኛል። ሦስት ጊዜ፣ አንዱን በትራስ አፍኜዋለሁ። ደግሞ ረቡዕ ከዳማ ስመለስ አልታጠብኩም። እግሯን ስሜያታለሁ።"

ልጃቸው ፊቷ አመድ መሰለ። ወደ ውስጥ ሮጠችና የአለቃን እግር ታጥብ ጀመር። የረቡዕን እግር ዓርብ ቢያጥቡት ምን ሊረባ! ግን እናት ናት። ስትመለስ አባባ ኬላ አፍና አፍንጫቸውን በማስክ ሸፍነው፣ በርጩማቸውን ይዘው ግቢው መሃል ቆመዋል።

"ሰኞ እማማ ኪሮሽ ይያዟት" አሉ። "አንቺ አትጥሪያቸው። በር ላይ የመለስኳቸው እኔ ነኝ፣ እኔው እጠራቸዋለሁ።"

መቼም እንዲህ ያለ ይቅርታ ታይቶ አይታወቅም። እማማ ኪሮሽ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሹራብ ሲሠሩ፣ አባባ ኬላ ከመንገዱ ማዶ ቆሙ። መሃላቸው ጋሪ ያልፋል፣ ታክሲ ያልፋል።

"ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት!" ብለው ጮሁ። "ልጠጋዎት ግን አልችልም!"

"ለምን?"

"ጉንፋን ይዞኛል!"

"አልሰማሁም!"

"ጉንፋን!" መንገዱ በሙሉ ሰማ። አንድ ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው "ይማርዎት አባባ!" ብሎ አለፈ። "ያላጠፉትን እርስዎን መለስኩ፣ ያጠፋሁትን ራሴን አሳለፍኩ! ሰኞ አለቃን ይያዙልኝ! ከእኔ ይልቅ ያውቁበታል!"

እማማ ኪሮሽ ኪሮሹን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "ማነው ለመሆኑ የያዘዎት?"

"ራሴ ነኝ የያዝኩት!"

እማማ ኪሮሽ መጀመሪያ ሊኮሳተሩ ሞከሩ። አልሆነላቸውም። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና "ይሂዱ፣ ትኩስ ነገር ጠጥተው ይተኙ!" ብለው ጮሁባቸው። "ልጅቷ የሁለታችንም ናት!"

ዓርብ ማታ ስለ ውጤት የጠየቀም የተናገረም የለም። አባባ ኬላ በራቸውን ዘግተው ተኙ፤ ቅዳሜም እሑድም የኋላዋን ክፍል አልለቀቁም። ራሳቸውን ሲነቀንቃቸው፣ ዓይናቸው ሲያብጥ ግድ አልነበራቸውም። በየሰዓቱ መስኮታቸውን ከፍተው "አስነጠሰች?" ይላሉ። ከዚያኛው ቤት "አላስነጠሰችም!" ይመለሳል። "ጠባች?" "ጠብታለች!" ቀጥሎ ደግሞ "ትንፋሿስ?" "አባዬ፣ ተኛ!"

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እማማ ኪሮሽ ሊጠይቁ በመጡበት፣ አለቃ አስነጠሰች። ቤቱ ቀጥ አለ። እናቷ ግንባሯን ዳበሰች፣ አባቷ ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጠፈ፣ አባባ ኬላ በመስኮታቸው ግማሽ አካላቸው ወጣ። እማማ ኪሮሽ ግን ከተቀመጡበት ራቅ ካለ ወንበር ተነሥተው፣ የሕፃኗን አፍንጫ አጎንብሰው አዩና በሁለት ጣታቸው አንዲት ቢጫ ብናኝ አነሡ። "የሱፍ ብናኝ ነው!" አሉ ከፍ አድርገው፣ በመስኮት በኩል እንዲሰማ። "አላልኩም ነበር?" አለቃ ዳግመኛ አላስነጠሰችም። ሰኞም ደህና ነበረች፣ ማክሰኞም።

ሰኞ ጠዋት ልጃቸው ቦርሳዋን አንግታ፣ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ወደ ኋላ ክፍል መጣች። አባባ ኬላ በማስካቸው ሆነው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አራት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

"አባዬ፣ ሐሙስ ማታ ወስኜ ነበር። አንተ እንዳትይዛት።"

"አውቄዋለሁ ልጄ። ትክክል ነሽ።"

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ዓርብ ጠዋት ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?"

"ማንም።"

"እኮ። እኔ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስሌት ስጽፍ፣ እዚህ ቤት የሆነውን የማውቀው የያዛት ሰው ሲነግረኝ ብቻ ነው። የማይሳሳት ሞግዚት የት አገኛለሁ? የለም። ተሳስቶ፣ እንደሚያጣት እያወቀ የሚነግረኝ ሰው ግን አገኘሁ።" ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። "ሲሻልህ ከእማማ ኪሮሽ ትረከባለህ።"

አባባ ኬላ ተነሥተው ሊያቅፏት አሰቡ፣ ማስካቸው ትዝ አላቸውና ተቀመጡ። ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ሲጠርጉ "ጉንፋኑ ነው" አሉ። "ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው" አለች ልጃቸው፤ እሷም ዓይኗን እየጠረገች፣ እየሳቀች፣ ደወል እንዳይደወልባት ሮጠች።

ጉንፋኑ እስኪለቃቸው አሥር ቀን ፈጀ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሸሚዛቸውን ቀይረው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ሳይጠሩ በሩ ላይ ቆሙ። እማማ ኪሮሽ ከሰዓት በኋላ ሊመጡ ተስማምተዋል። ልጃቸው አለቃን ይዛ ወጣችና ደረታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ስለ ልብሷ ይሁን ስለ መስኮቱ፣ ስለ እንግዳ ይሁን ስለ ሳሙና ሊነገራቸው ነው ብለው ጠበቁ። እሷ ግን ቦርሳዋን አነሣች፣ ሁለቱንም አንድ ጊዜ አየቻቸው፣ አንድም ነገር ሳታዝ ወጥታ ሄደች። አባባ ኬላ የውጪው በር ሲዘጋ ሰሙ፤ አለቃን ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ ማጅራቷን ዳበስ አደረጉና ወደ ውስጥ ገቡ።